ሻርፕና ፍላትን ሳይሸመድዱ ማወቅ፦ የአምስተኛው ክብ ከክራር እስከ ኪቦርድ

ሸዋ ሮቢት ሰርግ ላይ ነበርን። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ጋቢ ደርበን ነበር፤ ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ግን ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቋል። ዘፋኙ «በዲ ያዙልኝ» አለ። እኔ በዚያን ጊዜ ከሲ ሌላ ኪይ (ዘፈኑ ቤቱ አድርጎ የሚያርፍበት ዋና ድምፅ) አላውቅም። እንደ ብዙው የኪቦርድ ተጫዋች የኪቦርዱን ድምፅ ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርገዋን፣ ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ ሁለቴ ወደ ላይ ተጫንኩና በሲ ጣቶቼ ዲን ማጫወት ጀመርኩ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ጄኔሬተር ተነስቶ ኪቦርዱ ሲበራ ትራንስፖዙ ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ እኔ ደግሞ አላየሁትም። ዘፋኙ፣ ቤዙና ሳክስፎኑ በዲ፣ እኔ ብቻዬን በሲ። እስክስታው ቆመ። ቤዝ የሚጫወቱት ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ ያውም ማይክ አጠገብ፣ «አንተ ልጅ፣ የት አገር ነው ያለኸው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ኪይ ሲግኔቸር ልማር ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው፦ ሠንጠረዥ አውጥቶ መሸምደድ። «ጂ 1 ሻርፕ፣ ዲ 2 ሻርፕ፣ ኤ 3 ሻርፕ...» እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ በአራተኛው ቀን ኤን ከኢ ጋር አምታትቼ ተውኩት። መንገዱን የከፈተልኝ ክራር ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው የአምስተኛውን ክብ (12ቱ ድምፆች በአምስተኛ በአምስተኛ እየተከታተሉ የሚደረደሩበትን ክብ) በጆሮው ያውቀዋል፣ ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው የሚቀረው። አሁን ቅዳሜና እሁድ ለማስተምራቸው ልጆችም የምነግራቸው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ስሞቹን መጀመሪያ እናጥራ

ኪይ ሲግኔቸር የሚባለው በኖታው መስመር መጀመሪያ፣ ከክሌፉ (የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነ ከሚነግረው ምልክት) ቀጥሎ የሚደረደረው የሻርፕ ወይም የፍላት ምልክት ነው። «ከዚህ ጀምሮ ኤፍን ባየህ ቁጥር ኤፍ ሻርፕ ተጫወት» የሚል ቋሚ ትእዛዝ በሉት። ሻርፕ ድምፁን በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ግማሽ ድምፅ ማለት ደግሞ ኪቦርድ ላይ ነጭም ሆነ ጥቁር ሳትዘሉ ወደ ጎረቤት ቁልፍ መሄድ ነው።

ስሞቹ 7 ናቸው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ሁለት ቦታ ላይ ያደናቅፋሉ። በዶ ሬ ሚ የተማረ ሰው «ሲ» ሲባል ከዶ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ድምፅ ያስባል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ሲ ማለት ዶ ነው፣ የዶ ሬ ሚዋ ሲ ደግሞ ቢ ናት። ሌላው ኤ እና ኢ ናቸው። በእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ ባንድ ውስጥ በጩኸት መሃል ሲነገሩም እንዲሁ። ኤ ላ ናት፣ ኢ ሚ ናት። እኔ ደብተሬ ላይ ኤን ሁልጊዜ በቀይ ነው የምጽፋት፤ የልጅ ነገር ቢመስልም ብዙ ስህተት አድኖኛል።

1. አምስተኛን በጆሮ ያዙ

ክራር ካላችሁ በትዝታ ቃኙትና ዋናውን ክር ምቱ። ከሌሎቹ ክሮች መሃል ከእሱ ጋር ሲመታ ሳይጨቃጨቅ፣ ሳይንቀጠቀጥ አብሮ የሚቀመጥ አንድ አለ። ከኦክታቩ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም) ቀጥሎ በጣም የሚስማማው እሱ ነው፤ አምስተኛ የሚባለው። መሲንቆ ያለው ሰው ደግሞ በሜትር ሊያየው ይችላል፦ የሚርገበገበው የጭራ ክር 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 40ው ብቻ እንዲጮህ አድርጋችሁ ጣታችሁን ስታሳርፉ አምስተኛውን ታገኛላችሁ። 30ው ላይ ኦክታቭ ነው። አምስተኛው ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ኦክታቩ ግማሽ ማለት ነው።

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። ከመንዝ የመጣ አንድ ተማሪዬ ኖታ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም ነበር፣ ክራር ግን ገና ሳይናገር ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው። አምስተኛውን እንዲዘፍን ስጠይቀው ወዲያው አገኛት። ኪቦርድ ለሁለት ዓመት የተማረ ጓደኛው ግን ጣቱን ቁልፍ ላይ ካላሳረፈ አያገኛትም ነበር። ክቡን ቶሎ የጨበጠው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

2. ኪቦርድ ላይ ቁጠሩት

አምስተኛ በኪቦርድ 7 ግማሽ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በአንድ ይስታል፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ስላለ ነው። ፊደል ስትቆጥሩ መነሻዋ 1 ናት፦ ሲ 1፣ ዲ 2፣ ኢ 3፣ ኤፍ 4፣ ጂ 5፤ ስሙም አምስተኛ የተባለው ለዚህ ነው። ግማሽ ድምፅ ስትቆጥሩ ግን መነሻዋ ዜሮ ናት፤ የመጀመሪያው እርምጃ ጥቁሯ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሲ 7 እርምጃ ቁጠሩ፣ ጂ ላይ ትደርሳላችሁ። ከጂ 7 ቁጠሩ፣ ዲ። ከዲ ኤ፣ ከኤ ኢ፣ ከኢ ቢ።

አሁን ከቢ ቁጠሩ። በፊደል ብትሄዱ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው፤ ኤፍ ልትሉ ነው። በግማሽ ድምፅ ስትቆጥሩት ግን ከቢ እስከ ኤፍ 6 ብቻ ነው፣ አንድ ይጎድላል። ሁለቱን አብራችሁ ምቷቸው፤ ጆሮ ይቆረቁራል። ስለዚህ አንድ ከፍ ብላችሁ ጥቁሯን፣ ኤፍ ሻርፕን ትይዛላችሁ። ከነጮቹ መሃል አምስተኛው በነጭ የማይገኝለት ቢ ብቻ ነው፣ ሻርፕ የሚባለው ነገርም ወደ ክቡ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ይህቺን ነጥብ ራሳችሁ በጣታችሁ ካገኛችኋት የሚቀጥለው ሁሉ ቀላል ነው።

መቁጠሩን ቀጥሉ፦ ከኤፍ ሻርፕ ሲ ሻርፕ፣ እሷን ዲ ፍላት ብለን ስሟን እንቀይርላት፤ ከዚያ ኤ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ሲ። 12 እርምጃ፣ 12 ድምፅ፣ አንዱም ሳይደገም።

3. ክቡን ሳሉ

ካርቶን ላይ የድስት ክዳን አስቀምጡና ዙሪያውን ሳሉ። እንደ ግድግዳ ሰዓት 12 ቦታ ክፈሉት፣ ቁጥሮቹንም በውስጥ በኩል ጻፉ። 12 ላይ ሲ፣ 1 ላይ ጂ፣ 2 ላይ ዲ፣ 3 ላይ ኤ፣ 4 ላይ ኢ፣ 5 ላይ ቢ፣ 6 ላይ ኤፍ ሻርፕ፣ 7 ላይ ዲ ፍላት፣ 8 ላይ ኤ ፍላት፣ 9 ላይ ኢ ፍላት፣ 10 ላይ ቢ ፍላት፣ 11 ላይ ኤፍ። «በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ፤ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፣ ስድስት ሰዓት መቀነስ የለም።

በቀኝ በኩል የሰዓቱ ቁጥር ራሱ የሻርፑ ብዛት ነው። 1 ላይ ያለችው ጂ 1 ሻርፕ፣ 4 ላይ ያለችው ኢ 4 ሻርፕ አላት። በግራ በኩል ከ12 ስትቀንሱ የፍላቱን ብዛት ታገኛላችሁ፦ ኤፍ 11 ላይ ስለሆነች 1 ፍላት፣ ኢ ፍላት 9 ላይ ስለሆነች 3 ፍላት። ከታች 6 ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ኤፍ ሻርፕ ብትሏት 6 ሻርፕ፣ ጂ ፍላት ብትሏት 6 ፍላት፤ ቁልፏ አንድ ነች። ጎረቤቶቿም ሁለት ስም ሊኖራቸው ይችላል፦ 7 ላይ ያለችው ዲ ፍላት ስትባል 5 ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ስትባል 7 ሻርፕ። የሻርፑና የፍላቱ ብዛት ሲደመር ሁልጊዜ 12 ነው። 5ቱን የምትመርጡት ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ይሄ ሥዕል አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ኒኮላይ ዲሌትስኪ ሞስኮ ላይ ስሎታል፤ ጀርመናዊው ዮሐን ዳቪድ ሃይኒሸን ደግሞ በ1711 ማይነሮቹንም (ክፍል 7 ላይ የምናያቸውን) አስገብቶ አሳትሞታል።

በነገራችን ላይ ክራር በጆሮ የሚቃኝ ሰው ይሄን ስነግረው «አይዘጋም» ሊለኝ ይችላል፣ ልክም ነው። አምስተኛውን በጣም ጥርት አድርጋችሁ 12 ጊዜ ብትከምሩት መጨረሻ ላይ የምታገኟት ሲ ከእውነተኛዋ ሲ በግማሽ ድምፅ ሩብ ገደማ ትበልጣለች። ኪቦርድ ክቡን የሚዘጋው እያንዳንዱን አምስተኛ በጥቂቱ፣ በጆሮ በማይያዝ መጠን አጥብቦ ነው። ክራሩን ጥርት አድርጋችሁ ቃኝታችሁ ከኪቦርድ ጋር ስትጫወቱ አንድ ክር ትንሽ የሳተ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የግድ የእናንተ ላይሆን ይችላል። የደብረ ብርሃን ብርድም የራሱን ይጨምራል፤ ከቤት የተቃኘ ክራር ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንደገና መቃኘቱ አይቀርም።

4. ሰባት ቦታ የሚያሳይ መስኮት ቁረጡ

ለእኔ ነገሩ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

ሌላ ካርቶን ወስዳችሁ ከክቡ 5 ቦታ ብቻ የሚሸፍን ቁራጭ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ ቁረጡና መሃሉን በመርፌ ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ ከክቡ ጋር አጣብቁት፤ መዞር አለበት። አሁን ከ6 እስከ 10 ያሉትን ሸፍኑ። የሚታዩት 7ቱ ከ11 ጀምሮ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ ናቸው። በፊደል ተራ አስተካክሏቸው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ሲ ሜጀር ስኬል፣ ማለትም የዶ ሬ ሚው የድምፅ መሰላል። ነጮቹ ሁሉ። ማንኛውም ሜጀር ስኬል ክቡ ላይ ተከታታይ 7 ጎረቤቶች ነው፤ የስኬሉን ስም የያዘችው ደግሞ ከመስኮቱ መጀመሪያ ሁለተኛዋ ናት።

ሽፋኑን አንድ ቦታ ወደ ቀኝ አዙሩት። ከ11 ያለችው ኤፍ ተሸፈነች፣ ከ6 ያለችው ኤፍ ሻርፕ ወጣች። ሌሎቹ ስድስቱ እዚያው ናቸው። ሁለተኛዋ ጂ ናት፤ ስለዚህ ጂ ሜጀር፣ 1 ሻርፕ፣ እሷም ኤፍ ሻርፕ። እንደገና አንድ አዙሩ፦ ሲ ተሸፈነች፣ ሲ ሻርፕ ወጣች (7 ላይ ያለችው፣ ሌላ ስሟ)። ዲ ሜጀር፣ 2 ሻርፕ። በእያንዳንዱ እርምጃ ከኋላ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ ከፊት የዚያው ድምፅ ሻርፕ ይገባል። ሻርፕ ለምን አንድ በአንድ እንደሚጨምር፣ ለምን በዚያ ተራ እንደሚመጣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወደ ግራ ስታዞሩ ተገላቢጦሹ ነው፦ ቢ ከፊት ትወጣለች፣ ቢ ፍላት ከኋላ ትገባለች፤ ኤፍ ሜጀር፣ 1 ፍላት።

የትኛውን ስም እንደምትመርጡ ካጠራጠራችሁ አንድ ሕግ አለ፦ በአንድ ስኬል ውስጥ 7ቱም ፊደሎች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ መምጣት አለባቸው። ዲ ሜጀር ውስጥ ዲ አስቀድማ አለች፤ ስለዚህ 7 ላይ ያለችውን ዲ ፍላት ልትሏት አትችሉም፣ ሲ ሻርፕ ናት።

አሁን መስኮቱን ወደ ሲ ሜጀር መልሱና ከሽፋኑ ሥር ያሉትን አምስቱን እዩ። አምስቱም ጥቁር ቁልፎች ናቸው። ልጅ ሆናችሁ ኪቦርድ ስታገኙ ጥቁሮቹን ብቻ ወዲያ ወዲህ መታ መታ አድርጋችሁ «ዘፈን ወጣ» ያላችሁበት ጊዜ ካለ፣ የወጣው ትዝታ ነው፤ የኤፍ ሻርፕ ትዝታ ሜጀር። ለካ አምስት ተከታታይ ጎረቤት ትዝታ፣ ሰባት ተከታታይ ጎረቤት ሜጀር ስኬል።

5. ተራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ

ሻርፖቹ የሚመጡት በዚህ ተራ ነው፦ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ። ለልጆቹ የሠራሁላቸው ማስታወሻ «ፈረሱ ሲመጣ ጅቡ ደንግጦ አመለጠ እስከ በረኸት» የሚል ነው። የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ ያዙ፤ አ ለኤ፣ እ ለኢ ናቸው። በረኸት ወረዳ ድረስ የሚሮጥ ጅብ አይረሳም።

ፍላቶቹ ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ። «በሬው እምቢ አለና ደግፌ ጅራፍ ሲያጮህ ፈረጠጠ።» የራሳችሁን ብትሠሩ ደግሞ ይበልጥ ይጣበቃል፤ አንዷ ተማሪዬ የሠራችው እዚህ የማይጻፍ ነው፣ ግን አንድም ቀን ስትሳሳት አላየኋትም።

ኖታ ላይ ስትጽፉ በትሬብል ክሌፍ የመጀመሪያው ሻርፕ ላይኛው መስመር ላይ ነው፣ ሁለተኛው ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛው ክፍተት፣ ሦስተኛው ከመስመሮቹ በላይ። ፍላቱ ከመሃለኛው መስመር ይጀምራል። ቦታቸው አይለዋወጥም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታተመ ኖታ ላይ ብትገለብጡ እጃችሁ ይይዘዋል።

6. ወረቀቱን አይቶ ኪዩን መናገር

ሻርፕ ከሆነ የመጨረሻውን ሻርፕ እዩና ግማሽ ድምፅ ውጡ። ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ ሻርፕ አሉ እንበል፤ የመጨረሻው ዲ ሻርፕ ነው፣ ከእሱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው ኢ ናት። ኢ ሜጀር። ፍላት ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፍላት ራሱ ስሙ ነው። ቢ፣ ኢ፣ ኤ ፍላት ካሉ ኢ ፍላት ሜጀር። አንድ ፍላት ብቻ ሲሆን ከመጨረሻው በፊት የሚባል ነገር ስለሌለ ኤፍ መሆኑን በቃል ያዙት። ምንም ከሌለ ሲ።

7. ማይነርን ከዚያው ውስጥ ማውጣት

እያንዳንዱ ሜጀር ያንኑ ሲግኔቸር የሚጋራ ማይነር ዘመድ አለው። ከሜጀሩ 3 ቦታ ወደ ቀኝ ቁጠሩ፦ ከሲ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፤ ኤ ማይነር። ኪቦርድ ላይ 3 ግማሽ ድምፅ መውረድ ነው። ካርቶኑ ላይ ከሜጀሮቹ በታች ማይነሮቹን በሌላ ቀለም ጻፉ።

ወረቀቱ ሲግኔቸር ብቻ ስለሚነግራችሁ ሜጀር ይሁን ማይነር አይለይም። የዘፈኑን የመጨረሻ ድምፅ እዩ፤ የዘፈኑ ቤት ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ሌላ ምልክት፦ ሲግኔቸሩ ባዶ ሆኖ መሃል ላይ ጂ ሻርፕ ደጋግሞ ከመጣ ኤ ማይነር መሆኑን ጠርጥሩ።

8. ቅኝቶቻችን ክቡ ላይ የት ይቀመጣሉ?

ይሄን ክፍል ሳልጨምር ብተወው ክራር የሚያውቀው ልጅ ይወቅሰኛል። ትዝታ ሜጀር 5 ተከታታይ ነው ብለናል፤ ስሙ የመጀመሪያዋ ላይ ነው። የዲ ትዝታ ከዲ ጀምሮ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤፍ ሻርፕ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፦ የዲ ሜጀር ሲግኔቸር 2 ሻርፕ ይላል፣ እጃችሁ ግን የሚነካው አንዱን ብቻ ነው። ስህተት አይደለም። ሲ ሻርፕ ስኬሉ ውስጥ አለች፣ ትዝታው ግን አይጠራትም።

ብዙዎች ባቲ ማይነር የሚሉትም 5 ተከታታይ ነው፦ የሲ ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው፤ ክቡ ላይ ከኢ ፍላት እስከ ጂ ተደርድረዋል። ከኢ ፍላት ትዝታ ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለየው ቤት የምትሆነው ድምፅ ብቻ ነው። ከሲ የተነሳ ትዝታ ማይነር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) በ3 ፍላት፣ አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) በ4 ፍላት ሲግኔቸር ይጻፋል። አንቺ ሆዬ ግን አትታዘዝም። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ፦ ጂ ፍላት እንዲኖራችሁ ቢያንስ 5 ፍላት ትፈልጋላችሁ፣ 5 ፍላት ውስጥ ደግሞ ኤ ፍላት ገብታለች። ስለዚህ በየትኛውም የሜጀር ሲግኔቸር ሙሉ በሙሉ አትገባም። መስኮቱን እያዞራችሁ አትድከሙ፤ ባዶ ሲግኔቸር ይዛችሁ ምልክቶቹን በየቦታቸው ጻፉ።

ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት ከሚባሉት የዜማ ምልክቶች ጋር እያነጻጸሩ ይጠይቁኛል። የዜማው ምልክት ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ነው የሚናገረው፤ ኪይ ሲግኔቸር የትኞቹ ድምፆች ቤት ውስጥ እንዳሉ ብቻ ይናገራል። አንዱን በሌላው ለመተርጎም ባትሞክሩ ይሻላል።

9. ሰርግ ላይ፦ ኪይ መቀየር

ክቡ ደመወዙን የሚያወጣው እዚህ ነው። አንድ ዘፈን በሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ታውቃላችሁ፤ ዘፋኙ በዲ አለ። ሲ 12 ላይ፣ ዲ 2 ላይ ናት፤ ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ። ሁሉንም ኮርድ በዚያው ልክ ሁለት ሁለት ውሰዱ፦ ዲ፣ ቢ ማይነር፣ ጂ፣ ኤ። ማይነር ማይነርነቱን ይዞ ይሄዳል። ዘፋኙ «ትንሽ ዝቅ» ካለ፣ ማለትም ግማሽ ድምፅ፣ ነገሩ ይርቃል፦ 5 ቦታ ወደ ቀኝ። ከሲ ቢ፣ 5 ሻርፕ። ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ደግሞ 5 ቦታ ወደ ግራ፣ ዲ ፍላት። ቅርብ የሚመስለው ድምፅ ክቡ ላይ ሩቅ ነው፤ ለዚያ ነው ግማሽ ድምፅ ስትሉት ሳክስፎን ተጫዋቹ ፊቱን የሚያጨማትረው።

እሱም ሰበብ አለው። አልቶ ሳክስፎን ከኪቦርዱ ኪይ 3 ቦታ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ ቴነር ሳክስፎንና ትራምፔት 2 ቦታ። እናንተ በዲ ስትሆኑ አልቶው በቢ ነው፣ 5 ሻርፕ ይዞ። እናንተ በኢ ፍላት ብትሆኑ ግን አልቶው በሲ፣ ቴነሩ በኤፍ ይመጣሉ፣ ሁለቱም ያመሰግኗችኋል። ጊታሩ በተቃራኒው ወደ ኢ፣ ኤና ዲ መሄድ ይወዳል። ልምምድ ላይ ኪይ ስትመርጡ ዘፋኙ የሚችለውን ያዙ፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ወዲያ ወዲህ ብሎ የሚመቸው ካለ ለነፊዎቹ ወደ ግራ ስጧቸው።

የሁለት ሳምንት ልምምድ

የመጀመሪያውን ሳምንት ከካርቶኑ ጋር ብቻ አሳልፉ። በቀን አንድ ኪይ፣ ስኬሉን በአንድ እጅ ቀስ ብላችሁ፣ ከዚያ የዚያኑ ኪይ ትዝታ። ከሲ ጀምራችሁ አንዱን ቀን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ቀን ወደ ግራ ሂዱ፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ዲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ኢ ፍላት። ትራንስፖዟን በፕላስተር ሸፍኗት።

በሁለተኛው ሳምንት የ12ቱን ቦታ ስም ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስኒ ውስጥ ክተቱ። አንድ አውጡ፤ ካርቶኑን ሳታዩ ስንት ሻርፕ ወይም ፍላት እንዳለው፣ የትኞቹ እንደሆኑ፣ ማይነር ዘመዱ ማን እንደሆነ፣ አልቶው በምን ኪይ እንደሚነፋ ተናገሩ። ኤ ፍላት ቢወጣ፦ 4 ፍላት፤ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፤ ዘመዱ ኤፍ ማይነር፤ አልቶው በኤፍ። መጀመሪያ ለአንዱ ወረቀት ሁለት ደቂቃ ይፈጅባችኋል። ቡናው ሳይፈላ ስኒውን ባዶ ማድረግ ስትጀምሩ ፕላስተሩን አንሱት።